እትዬ ወንበርና ኮረብታው

እኅቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። የከተማው የስብሰባ አዳራሽ ጠባቂ ስለሆነች ሁሉም «እትዬ ወንበር» ይላታል፤ እሷም ትሰማለች፣ አትቆጣም። ጠባቂ ሲባል በር ላይ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ። መጥረጉ፣ ወንበር መደርደሩ፣ ውሃ ማቅረቡ፣ ማይክ መሞከሩ፣ ስብሰባው ሲያልቅ የተረሳ ጃንጥላ መሰብሰቡ ሁሉ የእሷ ነው። እኔ በታናሽነቴ «እታለም» እላታለሁ። ሲከፋኝ ደግሞ «አንቺ ሴትዮ» ነው። እሷ ግን ሲከፋትም ሲደላትም «አንተ ልጅ» ነው የምትለኝ፤ ልጅ የምትለው ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ወገቡን የሚያመው የአውቶቡስ ሾፌር ነው።

ወንበር አደራደሯ ለብቻው ነው። የወለሉን ንጣፍ መስመር ይዛ የእያንዳንዱን ወንበር የፊት እግር መስመሩ ላይ ታሳርፋለች። መደዳው ትንሽ ከጠመመ ዓይኗን ያማታል። እግሩ የላላውን ወንበር ከፊት አታስቀምጠውም፤ ፊት የሚቀመጡት ባለሥልጣናት ናቸው፣ ሲወድቁ ያፍራሉ። ከኋላም አታደርገውም፤ ከኋላ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሲወድቁ ይሰበራሉ። ስለዚህ መሐል ታስገባዋለች፤ መሐል ያለውን ግራና ቀኙ ይይዘዋል ብላ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ መደዳው ሳይስተካከል፣ ሚኒስትርም ቢመጣ በር አትከፍትም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ኮረብታው። ከከተማው ጫፍ፣ እኔ በአውቶቡስ ስመላለስበት በምውለው መንገድ ዳር ነው ያለው። አናቱ ላይ ያሉት ድንጋዮች የሰው እጅ ታትሞባቸዋል፤ ቀይ፣ የጥንት፣ የትልቅም የትንሽም ሰው እጅ። ማን እንዳተመው የሚያውቅ የለም። አላውቅም የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ከእጆቹ ዝቅ ብሎ የድሮው መቃብር አለ። መሬቱ የሕዝብ ነው፤ የሁሉም ስለሆነ አጥርም ዘበኛም ኖሮት አያውቅም ነበር። ፍየል ይወጣበታል፣ ፍቅረኛሞች ይወጡበታል፣ ሰው የሞተበት ይወጣበታል።

የእኅቴ ልጅ እዚያ ናት። ገና ፊደል ሳትጀምር ትኩሳት ያዛትና በዚያው ሄደች። አባቷ ከዚያ በኋላ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጣ። ሥራው ሳይገኝ አይቀርም፤ ያልተገኘው እሱ ነው። እኅቴ ብቻዋን ቀረች፤ እኔን እንደ ሰው ከቆጠራችሁኝ ከእኔ ጋር ቀረች።

ልጅቷን በደንብ አስታውሳታለሁ። ኮረብታው ላይ ስንወጣ ከትንንሾቹ እጆች በአንዱ ላይ መዳፏን ትለጥፍና «ልኬ ነው!» ትላለች፣ ጫማ እንደሚለካ ሰው። ድምፅ ግን አትወድም ነበር። ነጎድጓድ ሲያጓራ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች፣ እስኪያልፍ አትወጣም። እንቅልፏም ቀላል ነበር፤ የድስት ክዳን ከወደቀ ተነሥታ ትቀመጣለች። እኅቴ እስከ ዛሬ ድስት ስትከድን ቀስ ብላ ነው።

ክርክሩን ያመጣው አንድ ሥራ ተቋራጭ ነው። ኮረብታው ውስጥ ለመንገድ የሚሆን ድንጋይ ሞልቷል አለ። የክልሉ መንግሥትም ጆሮውን ሰጠው፤ ሥራ ይፈጠራል፣ መንገድ ይጠገናል ተባለ። እውነቱን ልናገርና፣ የዚያ መንገድ ጉድጓድ ወገቤን ስለጨረሰው ሐሳቡን መጀመሪያ አልጠላሁትም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከፌዴራሉ የቅርስ መሥሪያ ቤት ወፍራም መነጽር ያደረገ ባለሙያ መጣ፤ ኮረብታው የአገር ቅርስ ነውና በፌዴራል ሕግ ይከለል አለ። ክልሉ መሬቱ የኔ ነው ይላል፣ ፌዴራሉ ታሪኩ የሁላችንም ነው ይላል። እኛ ደግሞ መሐል ነን፤ እንደ ላላው ወንበር።

እኅቴ ሁለቱንም ሰምታ ሁለቱም አስደነገጧት። ተቋራጩ ካሸነፈ መቃብሮቹ «በክብር ተነሥተው» ወደ አዲሱ መቃብር ይሄዳሉ፤ ከዚያ ድማሚት ይቀጥላል። ባለ መነጽሩ ካሸነፈ ደግሞ በአጥሩ ውስጥ ማናቸውም ቁፋሮ ክልክል ነው። መቃብርም ቁፋሮ ነው። ያረፈው እንዳረፈ ይኖራል፣ አዲስ ግን አይገባም። እኅቴ በዚህ ዓለም የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ ስትሞት ከልጇ አጠገብ መቀበር። ቦታውን ለይታ ካስቀመጠች ቆይታለች። በልጅቷና በአንድ ቁጥቋጦ መካከል ያለች ቁራሽ መሬት ናት። ጠባብ ናት ብላት «እኔስ ወፍራም ነኝ?» አለችኝ።

ስብሰባው ተጠራ፣ ተበተነ፣ እንደገና ተጠራ። አንዴ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተባለ፣ አንዴ የክልሉ ተወካይ አኩርፎ ወጣ፣ አንዴ መብራት ጠፋ። ሰብሳቢ ተቀያየረ፣ ረቂቁ ተቀያየረ። የማይቀየሩት ወንበሮቹና እኅቴ ነበሩ። በየስብሰባው ማታ ቤት ስትገባ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትቀመጠው። «ዛሬስ ምን ተባለ?» ስላት «የባለፈው» ትለኛለች። ለዓመታት የባለፈው ነው የሚባለው። ሰው ወሬ ሰልችቶት ሳለ ስብሰባ ይቀጥራል፤ ይኼ ነገር ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንድ ጠዋት ምሳዋን ረስታ ወጣችና ላደርስላት ሄድኩ። የኋላውን በር ለእኔ ትተወዋለች። ገባሁ። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ሆነው በመስመር ተደርድረዋል፣ መጥረጊያው ግድግዳ ተደግፏል፣ እሷ ማይኩ ፊት ቆማለች። ጀርባዋን ነው ያየሁት።

«የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ ታዳሚዎች» አለች። «ልጄ እዚያ ናት። አታንሡብኝ። እኔንም ጊዜዬ ሲደርስ ከጎኗ አስገቡኝ። ቦታ አላበዛም፣ ቀጭን ነኝ። አመሰግናለሁ። ድምፁ ይሰማል?»

ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ማስተጋባቱ እስኪያልቅ አዳመጠች። ከዚያ «ደህና ነው» አለችና ማይኩን ዘጋችው፤ መጥረጊያዋን አነሣች።

ምሳውን ይዤ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ዞር ስትል አየችኝ፤ ፊቷ ቀላ፣ ወዲያው ተቆጣች።

«ምን ያስቆምሃል? ማይክ እየሞከርኩ ነው።»

«ማይክ እንደዚህ ነው የሚሞከረው?»

«በ‹አንድ ሁለት› አይሞከርም። ረዘም ያለ ነገር ሲነገርበት ነው የሚያፏጨው።»

ለካ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እንደዚህ ነው የምታደርገው። ተመዝግበሽ ለምን አትናገሪም ብዬ ጮህኩባት፤ የማንም ሥራ ፈት እየተነሣ ስለ አያቱ ሲለፈልፍ የሚውልበት ማይክ ነው። «እኔ ሠራተኛ ነኝ» አለችኝ። «የአዳራሽ ሠራተኛ እጅ አውጥቶ ሲናገር የት አየህ? ደግሞ የሆነ ሰው ያነሣዋል፤ እዚያ ሰው ያለው እኔ ብቻ ነኝ?» የሆነ ሰው አላነሣውም። እያንዳንዱ ሌላው ያነሣዋል ብሎ ነው መሰለኝ።

የመጨረሻው ስብሰባ ቀን ደረሰ። ሕዝቡ እንደሚበዛ ታውቆ፣ አዳራሽ ያልበቃው ውጭ ሆኖ እንዲያዳምጥ ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያ ይሰቀል ብሎ አዘዘ። ኤሌክትሪሺያኑ ጠዋት መጥቶ ገመዱን በመስኮት አሳልፎ በደጁ ግንብ ላይ ሰቀለ፣ አገናኘ፣ ቁርስ ሊበላ ሄደ። ለእኅቴ መንገር አልታሰበውም። ወንበር ለምትደረድር ሴት ስለ ድምፅ ማጉያ ማን ይነግራል?

እኔ ፈቃድ ወስጄ ውጭ ከሕዝቡ ጋር ቆሜያለሁ። በሩ ዝግ ነው፤ መደዳው አልተስተካከለማ። ተቋራጩ መኪናው ላይ ተደግፎ በስልክ ይስቃል። ባለ መነጽሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ንግግሩን በከንፈሩ ያጠናል። ሰዉ ከሁለት ተከፍሎ «ይከለል!» «ይሠራበት!» ይባባላል፤ ተራ ስድብም ተጀምሯል። እንዲህ እንዳለ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

«የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ ታዳሚዎች።»

ሕዝቡ ስብሰባው የተጀመረ መስሎት ወደ በሩ ገፋ።

«ዛሬ የመጨረሻው ነው አሉ። እግዜር ይመስገን፣ እኔም ጉልበቴ አልቋል። ልጄ እዚያ ናት። አታንሡብኝ። ድምፅ ትፈራለች። እኔንም ጊዜዬ ሲደርስ ከጎኗ አስገቡኝ። ቦታ አላበዛም፣ ቀጭን ነኝ።»

የሚሳደቡት አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ተቋራጩ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። እኔ በሰው መካከል በክርኔ እየገፋሁ ወደ በሩ ሮጥኩ፤ የስንቱን እግር እንደ ረገጥኩ አላውቅም።

«አመሰግናለሁ» አለች ማጉያው ውስጥ። «ድምፁ ይሰማል?»

ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «ይሰማል፣ እናቴ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ብዙው፣ «ይሰማል!» አለ።

ማይኩ ጠፋ። በሩን ደበደብኩ፣ እኔ ነኝ አልኳት። ስትከፍት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ውጭ ማነው?»

«ሰው ነው፣ እታለም።»

«ሁሉ ሰማ?»

«ሁሉ።»

ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገችና «በል ይግቡ» አለች፣ «መደዳውን እንዳያጠሙብኝ ንገርልኝ።»

ሲገቡ ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ወይም ያዩዋት ዓይናቸውን ቶሎ መለሱ። ስብሰባው ተከፈተ። መጀመሪያ የተነሣው ተቋራጩ ነበር። ጠዋት መኪናው ላይ ሲስቅ ያየሁት ሰው አሁን ድምፁን አለሳልሶ መጣ።

«ወገኖቼ፣ ያችን ምስኪን እናት ሁላችንም ሰምተናታል» አለ። «የፌዴራሉ ሕግ እሷን ከገዛ ልጇ የሚለይ ነው! እኛ ግን ልጇን በክብር አንሥተን፣ በአዲሱ መቃብር ለእሷም ከጎን ቦታ ይዘን፣ እናትና ልጅን እናገናኛለን!»

ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ይህን ሲናገር እኅቴ ፊቱ ውሃ እያስቀመጠችለት ነበር። ሳያያት «አመሰግናለሁ» አላትና «ምስኪኗ እናት» እያለ ቀጠለ። ተነሥቼ ብዙ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን ከወዲያ ሆና በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

ባለ መነጽሩ ቀጠለ። የዚያች እናት ልጅ በድማሚት ልትናወጥ ነው ወይ አለ፤ የጥንቱ እጅና የትናንቱ መቃብር አንድ ታሪክ ነው አለ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። የሰውዬው እንባ የእውነት ነበር፣ አልዋሽም። ያም ሆኖ ስለ ቁፋሮው ክልከላ፣ እሷ ውጭ ስለ መቅረቷ፣ አንዲት ቃል አልወጣውም። እሱም ውሃ ቀረበለትና ጠጣ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ሁሉ «ያች እናት» ሳይል አልተቀመጠም። እኅቴን ለሁለት ተካፈሏት፤ ያለችውን ግማሽ ግማሽ ወሰዱ፣ ሙሉውን የወሰደ የለም። እሷ በመደዳው ጫፍ ባዶ ጠርሙስ እየሰበሰበች ነበር።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ እንቅልፍ ያጡ የሚመስሉ ሽማግሌ። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። የጉዳዩ ባለቤት እዚሁ ቆማ እኛ ለምን እንናገርላታለን? እትዬ፣ እባክዎ ወደ ማይኩ ይምጡ።»

«እኔ?» አለች እኅቴ። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ወንበሩን ለጊዜው እኔ አይልዎታለሁ» አሏት። ሰው ሳቀ፤ እሷም ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ጠርሙሶቹን ለእኔ አስታቀፈችኝና ሄደች። ማይኩ ከቁመቷ ከፍ ብሏል፤ ዝቅ አደረገችው። የዘወትር እጇ ነው። ከዚያ ወንበሮቹን አየች። ሰው ተቀምጦባቸው እያለ ከዚያ በኩል ቆማ አይታቸው አታውቅም።

«ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» አሉ ሰብሳቢው። «ደንቡ ስለሆነ ነው።»

«ምኑን?»

«መከለሉን።»

ዝም አለች። 

«እኔ ሁለቱንም ነበር የምለው» አለች በመጨረሻ። «እሷን አታንሷት፣ እኔንም አስገቡኝ። ለወንበሮቹ ስነግር አንዱን ምረጪ የሚለኝ አልነበረማ።» ወደ ተቋራጩ ዞረች። «አንተ ወንድሜ፣ አብራችሁ ትሆናላችሁ ያልከው ጥሩ ነው። ግን እንቅልፏ ቀላል ነው። ይኼን ያህል ጊዜ ከተኛች በኋላ ማን ይቀሰቅሳታል? ማንስ መልሶ ያስተኛታል?»

ተቋራጩ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ከጎኑ ያለው ሰው ጉልበቱን ያዘው።

«በቃ፣ ይከለል» አለች። «እኔን ከአጥሩ ውጭ አድርጉኝ። እሷን ግን ማንም እንዳይነካት። ይኼው ነው። ደክሞኛል።»

ማይኩን በልማዷ አጠፋችው፤ ሌላ ተናጋሪ ቢኖርም ባይኖርም። ማንም አላጨበጨበም። ባለ መነጽሩ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እኅቴ ወደ እኔ መጥታ ጠርሙሶቹን ተቀበለችኝ።

ያን ቀን ቤት ስንገባ አልቻልኩም፤ ተቆጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅሽውን ቦታ በአንድ ቃል ሰጠሽው አልኳት፣ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብሽ አልኳት፣ እኔስ አንቺን የት ነው የምወስድሽ አልኳት። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ ታየኛለች።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«አልጨረስኩም።»

«እስክትጨርስ ጫማዬን አውልቅልኝ፣ አንተ ልጅ። ማጎንበስ አልቻልኩም።»

አወለቅኩላት። እግሯ አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣሁባትም።

ውሳኔው ወራት ፈጅቶ መጣ። ኮረብታው በፌዴራል ሕግ ተከለለ። ተቋራጩ ሌላ ኮረብታ አግኝቷል ይባላል። ባለ መነጽሩ ለእሷ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ሞክሮ ነበር፤ ለአንዷ ከተፈቀደ ለሁሉም ነው ተብሎ ቀረ። ይህን ሊነግራት አዳራሽ ድረስ መጥቶ ወንበር መደርደር አግዟት ሄደ። «ጥሩ ልጅ ነው፣ አደራደር ግን አይችልም» አለችኝ። አጥሩ ታጠረ፣ በር ተበጀ፣ ዘበኛ ተቀጠረ። ሰው ያለው ሰው በተወሰነ ቀን ብቻ ገብቶ ይጎበኛል።

አሁን ጡረታ ወጥታለች። አንዳንድ ቀን የእኔ አውቶቡስ የፊት ወንበር ላይ ትቀመጥና ደርሶ መልስ አብራኝ ትሄዳለች። በቀደም ኮረብታው ጋ ስንደርስ «አውርደኝ» አለችኝ። ዛሬ ዝግ ነው ብላት አልሰማችም። ተሳፋሪ ስላልነበረኝ ሞተሩን አጥፍቼ ተከተልኳት። ዘበኛው አዲስ ነው፣ ሰው ሲጨቃጨቀው የዋለ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል። ገና ሳትደርስ እጁን አነሣ።

«እናቴ፣ ዛሬ ዝግ ነው። እኔን አይቆጡኝ፣ የዘጋሁት እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለችው። «የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እሷ አጥሩን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ላይ ታያለች። የእጆቹ ድንጋዮች ከዚያ አይታዩም፤ ቁጥቋጦው ብቻ ነው የሚታየው። ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ እንዳየኋት።

«ማታ ማታ ከላይ ድምፅ ይሰማል?» ብላ ጠየቀችው።

«የምን ድምፅ?»

«ምንም ዓይነት ድምፅ።»

ዘበኛው ትንሽ አሰበ። «ኧረ ምንም አይሰማም፣ እናቴ» አላት።

«ደህና ነው» አለችና እጇን ከአጥሩ አንሥታ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች።